መስመር የራሱ አውሮፕላን የለውም

«ለእኛ ሲሆን አሮጌውን ነው የሚመድቡት።» ይህ ቅሬታ ከአንድ አገር ሰው ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ ሌጎስም፣ ጂዳም፣ ቦሌም የመሳፈሪያ በር ላይ ይሰማል። ትኬት ሲቆርጥ «ድሪምላይነር» (ቦይንግ 787) የሚል አንብቦ የመጣ መንገደኛ ከመስታወቱ ማዶ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ቆሞ ሲያይ ነገሩን እንደ ንቀት ይወስደዋል። ትንሽ ጠብቆ ትልቅ የመጣለት ደግሞ መስመሩ አድጎ፣ አገሩም ተከብራ ይመስለዋል። ንቀትም ሆነ ክብር አንዳንዴ እውነት ሊኖርበት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሽግሽጉ ምክንያት መንገደኛው ከቆመበት በር በጣም ርቆ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው ያለው።

ከውጭ ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ መዳረሻ የተመደበለት አውሮፕላን ያለው ይመስላል፤ የናይሮቢው፣ የፍራንክፈርቱ፣ የጓንግዡው እያለ። አየር መንገዶች ግን አውሮፕላን የሚመድቡት ለከተማ ሳይሆን ለሰንሰለት ነው። አንዱ አውሮፕላን ዛሬ የት አድሮ ነገ የት እንደሚውል፣ በስንት ቀኑ ጥገና እንደሚገባ፣ የት ላይ አብራሪዎቹን እንደሚቀይር አስቀድሞ ይታሰራል። ከዚያ ሰንሰለት አንዷን ቀለበት የነካ ሌሎቹን ሁሉ ያንቀሳቅሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን የሃያ አራት ሰዓት ውሎ ያስተዋለ ይህንን በቀላሉ ያየዋል። ወደ አውሮፓ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ የሚሄዱት በረራዎች በብዛት ቦሌን የሚለቁት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። አውሮፓ የሄደው ማለዳ ይደርሳል፤ ቀኑን እዚያው ቆሞ ወይም ሁለተኛ ከተማ ደርሶ ምሽት ላይ ይነሳና በማግስቱ ንጋት ቦሌ ያርፋል። የገልፎቹ ሌሊቱን ሄደው ሌሊቱን የሚመለሱ አሉ። እንዲህ ንጋት ላይ የተሰበሰበው መንገደኛ ጠዋቱን ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል፤ የአፍሪካው መንገደኛም ማታ ተሰብስቦ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይበተናል። ቦሌ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ባዶ ይሆናል ቢባል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ ንጋት ላይ ከአውሮፓ የገባውን ሰፊ አውሮፕላን አስቡት። ቀጣዩ የሌሊት ሥራው እስኪደርስ ብዙ ሰዓት አለው። የአውሮፕላን ዕዳና ኪራይ ቢበርም ባይበርም ይቆጥራል። ስለዚህ ጠዋት ተነስቶ ሌጎስ ወይም ጆሃንስበርግ ደርሶ ማታ ይመለሳል። ሌጎስ ብዙ መንገደኛ ያላት ከተማ መሆኗ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን የሌጎሱ ተሳፋሪ ድሪምላይነር ላይ የተቀመጠበት አንዱ ምክንያት አውሮፕላኑ ቀኑን ሥራ ፈት መሆኑ ነው። በዚያው ልክ፣ በረዶ ፍራንክፈርትን ዘግቶ አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ፣ ጠዋት ጆሃንስበርግ ለመሄድ የተሰለፈው ሰው ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ይቀርብለታል። ለመንገደኛው የሚነገረው «በኦፕሬሽን ምክንያት» የሚል ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አይናገርም።

የጊዜ ሰሌዳው በዓመት ሁለት ጊዜ መሠረቱ ይቀየራል። የዓለም አየር መንገዶች የበጋ ወቅት በአውሮፓውያኑ መጋቢት የመጨረሻ እሑድ ይጀምርና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ለክረምቱ ይለቃል። ትልቁ ሽግሽግ የሚሠራው ያኔ ነው። ለእኛ ደግሞ የራሳችን ወቅት አለ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው የዳያስፖራ ልጆች ከነወላጆቻቸው ይመጣሉ፤ ገናና ጥምቀት ሌላ ማዕበል ናቸው፤ ሐጅ ሲደርስ ጂዳና መዲና ይጨናነቃሉ። በእነዚህ ሰሞኖች ለአንዱ መስመር የተጨመረ ወንበር ከሌላው መስመር የተነሳ ነው።

ከሰዓቱና ከወቅቱ ሌላ አዲስ አበባ የማይከራከሩት ዳኛ አላት፦ ከፍታ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በ20 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ክንፉን የሚያነሳው አየር ሳሳ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰውም ሳሳ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ለመነሳት የግድ በበለጠ ፍጥነት መንደርደር አለበት። ፍጥነት ሲጨምር ጎማው የሚችለው ልክ አለ፤ ፍሬኑ የሚችለው ልክ አለ፤ አስፋልቱም ማለቂያ አለው። ያኔ የሚቀረው ክብደት መቀነስ ነው፤ ወይ ከነዳጁ፣ ወይ ከጭነቱ፣ ወይ ከሰው። የሌሊቱ መነሻ ሰዓት እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይከብዳልና።

ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህንን ስሌት ሳያውቀው በአካሉ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያለማቋረጥ ይገባል። መንገዱ ያው ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ የዱልስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ያላለ መሆኑና ወደ ምሥራቅ ሲበር ነፋሱ ከጀርባ መግፋቱ ነው። አየር መንገዱ በ2003 ዓ.ም. ቦይንግ 777-200ኤልአርን ያስገባው እንዲህ ላለ ረጅም መንገድ ነበር፤ ያም ሆኖ ቦሌን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው። በእንደዚህ ያለ መስመር ላይ አንዱን ዓይነት በሌላው መተካት ወንበር ቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ክብደት ይነሳል ወይ የሚለው ይቀድማል።

ከፍታ የሚያስቸግረው እኛን ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲና ቦጎታ የእኛ ዓይነት ናቸው። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአሜሪካው ዴልታ ከዚያ ወደ አትላንታ ያለማቋረጥ የሚበረው በ777-200ኤልአር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴልታ 777ቹን በሙሉ ጡረታ አውጥቶ በኤርባስ ኤ350 ሲተካቸው፣ መመለሻውን በኬፕታውን በኩል አዙሮ ከባሕር ዳርቻ ለመነሳት ዕቅድ አውጥቶ ነበር። አዲስና ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን መጣ፤ መስመሩ ግን ቅርጹን ሊቀይር ተገደደ። «አዲሱ ሁልጊዜ የተሻለ ነው» ለሚል መንገደኛ ይህ ጥሩ መልስ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሕንፃው ስፋት ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ቦታው ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው። ያው አውሮፕላን ከዚያ ሲነሳ ተጨማሪ ቶኖች ይዞ ይነሳል፤ የምደባ ሰሌዳውም እንደ አዲስ ይሠራል።

ጭነት ሌላው መንገደኛው የማያየው ነገር ነው። ሰው ብቻ ቆጥሮ አውሮፕላን የሚመድብ አየር መንገድ አይበረክትም። ሰፊ አውሮፕላን ከተሳፋሪው ሻንጣ ሌላ ከሆዱ ውስጥ ከ10 ቶን በላይ ዕቃ ሊይዝ ይችላል፤ ጠባቡ ቦይንግ 737 ግን ያንን አያስበውም። ከጓንግዡ ሸቀጥ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከነመክደኛው ሞልቶ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ፣ በሌሊት የሚጫን አበባና ሥጋ፣ ሁሉም የአውሮፕላኑን ዓይነት ይወስናሉ። ስለዚህ መቀመጫው ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን ስታዩ «ለምን ይህን አባከኑት?» ብላችሁ አትፍረዱ፤ ትርፉ ከእግራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል።

የጭነት ሠራተኞች የሚያውቁት አንድ ችግር ደግሞ አለ። ለሰፊ አውሮፕላን ዕቃው በኮንቴይነርና በፓሌት ታስሮ ይዘጋጃል። 737 ላይ ግን ሻንጣው አንድ በአንድ በእጅ ነው የሚደረደረው። ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሰፊው በጠባቡ ከተተካ የታሰረው ይፈታል፤ የሚችለው ይጫናል፤ የቀረው «ነገ ይደርሳል» ይባላል። ሻንጣዬ ለምን ቀረ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው የሚጨቃጨቀው ከዚህ ሽግሽግ ጋር መሆኑን አያውቅም።

የአገር ውስጡ በረራ ሕጉ ቀለል ይላል። ኪው-400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፤ ለአጭር መንገድ ነዳጁ ያዋጣል፤ አጠር ባለ መንደርደሪያም ይበቃዋል። ሰው ሲበዛ ጄት ይመጣል፤ ሲቀንስ ፕሮፔለሩ ይመለሳል። ፕሮፔለር ያለውን ሁሉ አሮጌ ነው የሚል ሰው አሁንም ሞልቷል። ስህተት ነው፤ ፕሮፔለር የዕድሜ ምልክት አይደለም።

እስካሁን ያልነካሁት ሰዎቹን ነው። አውሮፕላን ሲቀየር አብራሪው አብሮ ይቀየራል፤ የ737 ፓይለት ለዚያ ዓይነት የተሰጠ ፈቃድ ሳይዝ ድሪምላይነር ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ሽግሽግ የሚቀለው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቦይንግ 777ን ያበረረ ሰው ወደ 787 የሚሻገረው በቀናት ሥልጠና ነው፤ ኤርባስም ኤ330ንና ኤ350ን እንዲሁ አዛምዷቸዋል። ይህ ለአየር መንገዶች ትልቅ ገንዘብ ነው። አምራቾችም ያውቁታል፤ ከፍጥነትና ከነዳጅ እኩል የሚሸጡት መተካካትን ነው።

በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ነገር ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። 737 ማክስ የተሸጠበት ዋና ተስፋ የቀድሞውን 737 የሚያበርር ፓይለት ያለ ሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር ላይ በሚሰጥ አጭር ትምህርት ብቻ እንዲሻገር ነበር። ለአሜሪካው ሳውዝዌስት ቦይንግ የገባው ውል፣ የሲሙሌተር ሥልጠና የግድ ከሆነ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስ የሚል ነበር። ይህንን የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥቶታል። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ለፓይለቶች በወጉ ሳይነገር የቀረበት አንዱ ምክንያት ያ ተስፋ እንዳይፈርስ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2018 የላየን ኤር ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ ወደቀ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ይዞ ወደቀ። ዕድሜው አራት ወር ገደማ የሆነ አውሮፕላን ነበር። «አሮጌውን ሰጡን» የሚለው ቅሬታ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ ትርጉሙን አጥቷል። አንዱ ዓይነት በሌላው ቦታ ያለ ወጪና ያለ ጥያቄ ይግባ የሚል ፍላጎት የአውሮፕላኑን አሠራር ራሱን እንዳጣመመ ታይቷልና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ራሱ ሽግሽግ ነበር። በመላው ዓለም ማክሶች ታገዱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን አራቱን አቆመና መስመሮቻቸውን ለሌሎች አከፋፈለ። ማክስን መልሶ ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ፈተና አልፏል። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ተቀብሎ፣ በወራት ውስጥ በባትሪ ችግር ምክንያት የዓለም ድሪምላይነሮች በሙሉ ሲታገዱ የእሱም አራቱ ቆሙ። እገዳው ሲነሳ ከሁሉም ቀድሞ ያስነሳው እሱ ነው፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ወደ ናይሮቢ። ውቅያኖስ ለመሻገር የተሠራ አውሮፕላን ወደ ሥራ የተመለሰው ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ መንገድ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ችግር ሲመጣ አውሮፕላን መስመር ብቻ ሳይሆን ሙያም ይቀይራል። በኮሮና ጊዜ ሰማዩ ባዶ ሲሆን አየር መንገዱ ከ25 ገደማ አውሮፕላኖቹ ላይ ወንበር አንስቶ ጭነት ጫነባቸው፤ በዓለም ብዙዎች የመንግሥት ድጎማ ሲጠብቁ እሱ በካርጎ ቆመ። እንዲህ ያለ ያልተለመደ አጫጫን ቦሌ ቀድሞም አይቷል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ሰለሞን፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ፣ አንድ የኤል አል ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰዎች ይዞ ተነስቷል። ያ በአንድ አውሮፕላን የተጫነ ትልቁ የተሳፋሪ ቁጥር ሆኖ ተመዝግቧል።

ክብር ከዚህ ሁሉ ጨርሶ የለበትም ማለቴም አይደለም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አስመራ የተከፈተው በረራ በድሪምላይነር ነበር፤ አንዱ አልበቃ ብሎ ሁለት በተከታታይ ተነሱ። ለአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ያን ያህል አውሮፕላን በስሌት አይመደብም። ኤሚሬትስም እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ ሁለት ፎቁን ኤ380 ከዱባይ 340 ኪሎ ሜትር ብቻ ወደምትርቀው ሙስካት ማብረር ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያሉት ግን የሚታወሱት ከተለመደው ስለወጡ ነው።

የተለመደው ስሌት ደረቅ ነው። 200 ሰው የፈለገው በረራ ላይ 160 ወንበር ያለው ከተመደበ 40 ሰው ወደ ተፎካካሪ ይሄዳል፤ 120 ሰው ያለው ላይ 270 ወንበር ከተመደበ 150 ባዶ ወንበር ነዳጅ ያቃጥላል። ይህንን ለአንድ በረራ መወሰን ይቀላል። ዴልታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀን ከ2,500 በላይ የአገር ውስጥ በረራዎችን፣ 450 ገደማ አውሮፕላኖችንና 10 ዓይነቶችን አንድ ላይ የሚያሰላ ኮልድስታርት የተባለ የሒሳብ ሞዴል ሥራ ላይ አዋለ፤ በሦስት ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያድንለትም ገመተ። በዚያው ሰሞን የቦይንግ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ሄዱ፦ የምደባውን ውሳኔ አስቀድሞ ከመቋጨት ይልቅ ትኬቱ እየተሸጠ እስኪታይ ጠብቆ፣ በአንድ ቤተሰብ ያሉ ትንሽና ትልቅ አውሮፕላኖችን በመጨረሻ ሰዓት ማለዋወጥ። ዛሬ መንገደኛው የሚያማርረው «ለውጥ» ብዙ ጊዜ ብልሽት ሳይሆን ይህ ነው። ታቅዶ የተለወጠ ነው።

ቅሬታው ተገቢ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሽግሽጉ የሚያድነው ገንዘብ የአየር መንገዱ ነው፤ ወጪው ግን ሳይነገረው ወደ መንገደኛው ይተላለፋል። ለሰፊ እግር ማስቀመጫ ተጨማሪ የከፈለ ሰው የወንበሩ ቁጥር አዲሱ አውሮፕላን ላይ የለም። ጎን ለጎን የተያዘላቸው እናትና ልጅ ተለያይተው ይገኛሉ። ቢዝነስ ክላስ ከ24 ወደ 16 ሲወርድ ስምንት ሰዎች የት ይሂዱ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ለዚህ ቢያንስ ቁጥር አስቀምጧል፦ ከከፈለበት ክፍል ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ መንገደኛ እንደ ርቀቱ የትኬቱን 30፣ 50 ወይም 75 ከመቶ ይመለስለታል። ደንቡ ከአውሮፓ የሚነሳን ማንኛውንም አየር መንገድ ስለሚያስር፣ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰውም ይመለከተዋል። ከቢዝነስ ወደ ኢኮኖሚ ላልወረደ፣ ግን የከፈለበትን ወንበር ላጣ ሰው ያ አንቀጽ መልስ የለውም።

ትኬት ላይ የአውሮፕላን ስም ሲጻፍ የጉዞ ውሉ ያንን ስም ቃል ኪዳን አያደርገውም፤ አየር መንገዶች ዓይነት የመቀየር መብታቸውን በትንንሽ ፊደላት ጠብቀው ይዘዋል። መብቱን መንጠቅ አይቻልም፤ ያለ እሱ አንድ በረዶ የጣለበት ከተማ ቀኑን ሙሉ አህጉር ያስተኛል። ድሪምላይነር ብሎ አስተዋውቆ ገንዘብ የሚሰበስብ ግን ሲቀይረው በመንገደኛው ስልክ ላይ ምን እንደመጣ፣ አዲሱ ወንበር የት እንደሆነ፣ የተከፈለበት ተጨማሪ ገንዘብ መቼ እንደሚመለስ ሳይጠየቅ ሊልክ ይገባል። መንገደኛው የተቀየረውን የሚያውቀው በሩ ላይ ቆሞ በመስታወት ሲያይ ከሆነ፣ ንቀት ነው ቢል አልፈርድበትም።